ድመቷ የት ትደር?



ውድ አንባቢያን! ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ቤታችሁ ድመት ካለች ማታ መብራት ሲጠፋ የት ነው የምታድረው? ብዙዎቻችሁ "ድመት መኝታ አታጣም፤ የትም ታድራለች" ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚሁ እል ነበር። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ይህች ትንሽ ጥያቄ የእኛን ቤት ለሁለት ልትከፍለው ምንም አልቀራትም። ጥፋቱ በአመዛኙ የእኔ ነበር። ሌላው እንዲማርበት ብዬ ሳልሸፋፍን እነሆ ጻፍኩት።

አማቴ ከደሴ ወዲያ ባለ ገጠር ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው ልጆች አሳድገው የኖሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው በ2014 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሲሄዱ "ብቻዎን አይቀመጡም" ብለን አዲስ አበባ አመጣናቸው። ይዘውት የመጡት ዕቃ ጥቂት ነበር፤ መስገጃቸው፣ ሙስበሓቸው፣ ጀበናቸው፣ አንድ ጋቢ፣ እንዲሁም ክዳን ባለው ቅርጫት ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ቡራቡሬ ድመት። ድመቷን ሳይ ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም። "እማማ፣ እዚህ እኮ አይጥ የለም" አልኳቸው። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው "አይጥ ባይኖር እኔ አለሁ" አሉኝ። የአነጋገራቸው ትርጉም ያን ጊዜ አልገባኝም።

አገር ቤት የድመት ቦታ የታወቀ ነው። ቀን ጎታ ውስጥ ያለውን እህል ከአይጥ ትጠብቃለች፤ ማታ እሳቱ ሲዳፈን ሙቀቱ ካልለቀቀው ምድጃ ዳር ትተኛለች። ሰው በመደቡ፣ ከብት በጋጣው፣ ዶሮ በቆጡ፣ ድመት በምድጃው ዳር፤ ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር ሆኖ ለየራሱ መኝታ አለው። እኛ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ጎታ የለ፣ ምድጃ የለ፣ ግቢ የለ። ስለዚህ አማቴ ድመቷን ከአልጋቸው ግርጌ ጨርቅ አጥፈው አስተኟት።

ያለን ሁለት መኝታ ቤት ነው። በአንዱ እኔና ባለቤቴ፣ በሌላው አማቴና ያን ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ የነበረችው ሴት ልጃችን እንተኛ ነበር። ድመቷ ጥቂት ሳምንታት ጨርቋ ላይ ካደረች በኋላ ሌሊት ሌሊት ወደ ልጄ አልጋ መውጣት ጀመረች። የልጄ ደስታ ወሰን አልነበረውም። ብርድ ልብሷን ከፍ አድርጋ ታስገባታለች፤ ትራሷንም ታካፍላታለች። ጠዋት ልቀሰቅሳት ስገባ ሁለት ራስ በአንድ ትራስ ላይ አገኛለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ልጄ ሌሊት ሌሊት ማሳል ጀመረች። ጉንፋን መስሎን ዝንጅብልና ማር ሰጠናት። ሳሉ ግን አልለቀቃትም፤ ይባስ ብሎ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። አንድ ሌሊት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች፣ አየር አጥሯት አገኘኋት። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ አስም መሆኑን ነገረንና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዘዘላት። ከዚያም ስለቤታችን ይጠይቀን ገባ። በምትተኛበት ክፍል ውስጥ ድመት ወይም ሌላ እንስሳ አለ? ቤት ውስጥ ከሰል ታቀጣጥላላችሁ? ዕጣን ወይም ሰንደል ታጨሳላችሁ? ሲጋራ የሚያጨስ አለ? ግድግዳው ይረጥባል? ሁሉንም በየተራ መለስን። ሐኪሙም ድመቷ ልጅቷ ወደምትተኛበት ክፍል እንዳትገባ፣ ጭሱም ከቤት እንዲቀር አጥብቆ መከረን።

ልብ በሉ! ሐኪሙ የተናገረው ስለ ብዙ ነገር ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ ይዤ የወጣሁት ግን ድመቷን ብቻ ነበር። ለምን? ከሰሉና ዕጣኑ የእኔ ስለነበሩ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ቡናዬን በከሰል አፍልቼ፣ ዕጣን አጭሼ ካልተቀመጥኩ ቀኑ የሞላ አይመስለኝም። ድመቷ ግን የእሳቸው ናት። ሰው የሌላውን ለመተው ምን ያህል ችኩል፣ የራሱን ለመተው ምን ያህል ዳተኛ እንደሆነ በራሴ አየሁት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ድመቷን ካርቶን ውስጥ አድርጌ በረንዳ ላይ አወጣኋትና በሩን ቆለፍኩ። አማቴ አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ በረንዳውን ያጥበዋል። ድመቷ በሩን ስትቧጥጥና ስትጮህ አመሸች። እኔም ጆሮዬን በብርድ ልብስ ሸፍኜ "ነገ ትለምደዋለች" አልኩ። ሁለተኛውም ሌሊት እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ሌሊት ድምፅ ጠፋ። "ይኸው ለመደች" ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ለሱብሒ ተነስቼ ወደ ሳሎን ስወጣ ብርዱ ፊቴን መታኝ። የበረንዳው በር ገርበብ ብሏል። አማቴ በሩ ሥር መስገጃቸው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ካርቶኑ ከነድመቷ ከደጃፉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጋቢያቸው ግማሹ በትከሻቸው፣ ግማሹ በካርቶኑ ላይ ነው። ሌሊቱን ያደሩት እዚያው ነበር።

"እማማ፣ ምን ሆነው ነው? ይታመማሉ እኮ!" አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፡- "ልጅቱ ትታመም አልልም ልጄ። የእሷ ትንፋሽ ከድመቷም ከእኔም ይበልጣል። ካልሆነ ለሚያኖራት ሰው እንስጣት፤ ካልሆነም ወደ አገሯ ትመለስ። ቆልፎ መተው ግን አይሆንም። አፍ የላትም።"

ቀና ስል ግድግዳው ሥር የተቋጠረ ጓዝ አየሁ። ያ ክዳን ያለው ቅርጫትም ከአጠገቡ አለ። "ጠዋት ልጄ መናኸሪያ ያድርሰኝ። አገሬ ልግባ። ለልጅቱም የሚሻላት እሱ ነው" አሉ። በንግግራቸው ውስጥ ቁጣም ወቀሳም አልነበረም። ለልጅ ልጃቸው ጤና ሲሉ ባል ወደሞተበት፣ ማንም ወደማይጠብቃቸው ቤት ሊመለሱ ተሰናድተዋል። እኔ ለዚያችው ልጅ፣ ለወለድኳት ልጅ፣ አንዲት ማጨሻ እንኳ አልተውኩላትም ነበር።

ሱብሒን ሰግጄ ስቀመጥ በልጅነታችን መድረሳ ውስጥ የተማርነው ሐዲስ መጣብኝ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። አንዲት ሴት በድመት ምክንያት እንደተቀጣች ይነግረናል። ድመቷን እስክትሞት ድረስ ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፤ ወጥታ የምድርን ነፍሳት ለቃቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ይህን ሐዲስ ለልጄ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ! የበረንዳውን ቁልፍ በገዛ እጄ ሳዞር ግን አልታወሰኝም። እርግጥ ነው፣ እኔ ድመቷን አብልቻት ነበር። ነገር ግን ብርድና ዝናብ ላይ ቆልፌባት ስተኛ ከዚያች ሴት ደጃፍ ምን ያህል ርቄ ነበር? አማቴ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም፤ የሐዲሱን ፍሬ ነገር ግን ከእኔ በተሻለ ይዘውታል፤ ወይ በወጉ ያዝ፣ ወይ ልቀቅ።

ባለቤቴ ተነስቶ ጓዙን ሲያይ እናቱንም እኔንም አላናገረም፤ ቁጭ ብሎ ወለሉን ያይ ጀመር። እናቱን ይያዝ ወይስ የልጁን ትንፋሽ? እዚያ መሀል ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። የአማቴን እጅ ይዤ "አውፍ ይበሉኝ" አልኳቸው። ራሴን ደባበሱኝ። ጓዛቸውም ለጊዜው ባለበት ቆየ። ሦስታችን የሰፈራችን መስጊድ ኡስታዝ ዘንድ ሄደን ለመጠየቅ ተስማማን።

ኡስታዙ ታሪካችንን ረጋ ብለው ካዳመጡ በኋላ ሦስት ነገር ነገሩን።

የመጀመሪያው ስለ ድመት ንጽሕና ነው። የአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ልጅ ሚስት የነበሩት ከብሻ ቢንት ከዕብ ለአማታቸው የውዱእ ውሃ ቀዱላቸው። ድመት መጥታ ልትጠጣ ስትል አቡ ቀታዳ ዕቃውን አዘነበሉላት፤ እስክትረካም ጠጣች። ምራታቸው በመገረም ሲያዩዋቸው፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በመካከላችን ከሚዘዋወሩት አንዷ እንደሆነች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸውን ገለጹላቸው። ኢማሙ ማሊክ፣ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚይና ሌሎችም ዘግበውታል። እኔ ይህን ሐዲስ ከዚያ በፊት ብሰማውም የአማትና የምራት ወግ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው። በአንድ ቤት ሆነው፣ በአንዲት ድመት ምክንያት፣ አንዱ ሲያዘነብል ሌላው ሲገረም። አማቴን በጎን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ሁለተኛው ስለ ጤና ነው። "ድመት ነጃሳ አይደለችም ማለት በሁሉም ሰው ትራስ ላይ ትተኛ ማለት አይደለም" አሉን ኡስታዙ። ማር ንጹሕና ሐላል ነው፤ ለማይስማማው ሰው ግን አይሰጥም። ጉዳትን መከላከል የሸሪዐችን መሠረት ስለሆነ፣ የልጅቷን ትንፋሽ መጠበቅ አደራ መሆኑን፣ የሐኪሙንም ምክር ሙሉውን መያዝ እንዳለብን ነገሩን። "ሙሉውን" ሲሉ እኔን የሚያዩ መሰለኝ።

ሦስተኛው ስለ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ነው። ያን ያህል ብዙ ሐዲስ ያስተላለፉት ታላቅ ሶሓባ በቅጽል ስማቸው የሚታወቁት በድመት ምክንያት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቲርሚዚይ በዘገቡት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር አለ። አቡ ሁረይራ ስለ ስማቸው ሲጠየቁ፣ የቤተሰባቸውን በጎች ሲጠብቁ ትንሽ ድመት እንደነበረቻቸው ተናገሩ። ማታ ማታ ዛፍ ላይ ያስቀምጧታል፤ ሲነጋ ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ሲጫወቱባትም ይውላሉ። ሰዎችም በዚህ ምክንያት አቡ ሁረይራ አሏቸው።

ባለቤቴ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸው ላይ የተኛችን ድመት ላለመቀስቀስ ሲሉ እጅጌያቸውን ቆረጡ የሚለው ታሪክ እውነት መሆኑን ጠየቀ። ኡስታዙ ይህ ታሪክ በታወቁት የሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ እንደማይገኝ፣ ተመሳሳዩ የሚተረከው በ578 ዓመተ ሒጅራ ስላረፉት ስለ ሸይኽ አሕመድ አር-ሪፋዒይ መሆኑን ነገሩን። "ያላሉትንና ያልሠሩትን በነቢያችን ላይ አንለጥፍም። የተረጋገጠው ለእኛ ይበቃል" አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከአእምሮዬ ያልወጣው ያ ዛፍ ነበር። ለምን ዛፍ ላይ እንዳስቀመጧት ዘገባው አይነግረንም፤ እኔ ግን የበግ እረኛ የሌሊቱን አውሬ የሚያውቅ ሰው መሆኑን አሰብኩ። ደግሞም ድመቷ በእሳቸው ዘንድ የቀን ቦታ ነበራት፤ የሌሊትም ቦታ ነበራት። ቀን አብረዋት ይውላሉ፤ ማታ ታድርበት ዘንድ በመረጡላት ስፍራ ያኖሯታል። በእኛ ቤት የጠፋው ይህ ነበር። ልጄ በፍቅር ብዛት ትራሷ ላይ አወጣቻት፤ እኔ በጥላቻ ብዛት በረንዳ ላይ ጣልኳት። ከትራስና ከበረንዳ መሀል ያለውን ቦታ የፈለገላት ሰው አልነበረም።

ያንኑ ሳምንት ቤታችንን እንደገና አደላደልነው። ልጃችን በር የሚዘጋ የራሷ ክፍል ስለሚያስፈልጋት እኔና ባለቤቴ መኝታ ቤታችንን ለቀቅንላትና ሳሎን ውስጥ በሚዘረጋ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመርን። ፍራሿን በሽፋን ሸፈንነው፤ አንሶላዋንና ብርድ ልብሷን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ ያዝን። ዕጣኑና ሰንደሉ ቀሩ። ከሰሉ ወጣ፤ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ መፍላት ጀመረ። አቦሉ እንደ ድሮው አይጥመኝም ነበር፤ አሁን ግን ለምጄዋለሁ።

ድመቷ ከአማቴ ጋር ቀረች። ከአገር ቤት የመጣችበትን ቅርጫት ክዳኑን አንስተን ከአልጋቸው ራስጌ በኩል አስቀመጥነው። የወለሉ ቅዝቃዜ እንዳይሰማት ከሥሩ ወፍራም ካርቶን አነጠፍን፤ ነፋስ ከሚያስገባው ከበሩ ሥርም አራቅነው። ውስጡ ያረጀ ነጠላ አጥፈን አደረግንበት፤ ተለዋጩም ስላለ በየሳምንቱ ይታጠባል። አሸዋዋ መጸዳጃ ቤት ነው፤ በየቀኑ ይጸዳል። የድመት ሽንትና ዓይነ ምድር ነጃሳ ስለሆነ የነካው ልብስም ሆነ ወለል ይታጠባል። መስገጃዎቹም ከተሰገደባቸው በኋላ ታጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። የመጨረሻ ምግቧን ከዒሻእ በኋላ እንሰጣታለን። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት የምትተኛ ብትሆንም ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ መንቀሳቀስ ትወዳለች፤ ሆዷ ከሞላ ግን ሌሊቱን ረጋ ትላለች።

አስቸጋሪው ልጄን ማሳመን ነበር። "ድመቴን ወሰዳችሁብኝ" ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ አማቴ አጠገባቸው አስቀምጠው የአቡ ሁረይራን ታሪክ አወጉላት። "አየሽ፣ እሳቸውም ይወዷት ነበር። ግን ማታ ማታ ዛፏ ላይ ነበር የምታድረው" አሏት። ልጄ እንባዋን ጠርጋ ትንሽ አሰበችና "ታዲያ የኛዋ ዛፍ የታለ?" አለች። አማቴ ወደ ቅርጫቱ ጠቆሟት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅርጫቱ ስም "ዛፉ" ሆነ። ማታ ልጄ ክፍሏ ገብታ በሩ ከመዘጋቱ በፊት "እማማ፣ ዛፏ ላይ ወጣች?" ብላ ትጠይቃለች። አማቴም ከክፍላቸው "ወጣች፤ ተኚ" ይሏታል። ቀን ቀን ድመቷን ታያታለች፣ ታጫውታታለች፤ ፊቷን ሳታስጠጋ። ስትጨርስም እጇን ትታጠባለች።

በቀጠሯችን ቀን ያደረግነውን ሁሉ ለሐኪሙ ነገርነው። እሱም ለአስም የሚያስቸግረው በዋነኛነት ፀጉሯ ሳይሆን በምራቋና በቆዳዋ ውስጥ ያለ ፕሮቲን መሆኑን አስረዳን። ራሷን ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያም በዓይን በማይታይ ብናኝ መልክ ይበተናል። ፍራሽና ምንጣፍ ላይ ድመቷ ከሄደች በኋላ እንኳ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እንግዲያው ሁለትና ሦስት ሌሊት በረንዳ ላይ መጣል ድመቷን ከማሰቃየት በቀር ለልጄ ምንም አልጠቀማትም ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ አንድ ነገርም አስጠነቀቀን፤ ሕመሙ ካልቀለለ ድመቷ ጭራሽ ከቤት መውጣት አለባት። ይህን አማቴም ተስማምተው ተቀበሉ፤ ግቢ ያላቸው ዘመዳችን ሊወስዷት ቃል ገቡ። አልሐምዱሊላህ፣ እዚያ አልደረስንም። ልጄ መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች ሳሉ ቀለለላት፤ ሌሊትም መተኛት ቻለች። ክፍሉ ይሁን፣ ጭሱ መቅረቱ ይሁን፣ መድኃኒቱ ይሁን ለይቼ አልናገርም። በሌላ ቤት ሕመሙ የጸና ልጅ ካለ ግን የእኛን አይታችሁ አትወስኑ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ውድ እህቶቼ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የድመትን አሸዋ ሌላ ሰው ያጽዳላችሁ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በዓይነ ምድሯ ሊወጣ ይችላል፤ ለጽንስም አደገኛ ነው። ከወጣ በኋላ ለመበከል ከ1 እስከ 5 ቀን ስለሚፈጅበት አሸዋውን በየቀኑ ማጽዳት ትልቅ መከላከያ ነው። ማታም ወደ አልጋ ከመግባታችን በፊት መኝታችንን እናራግፍ። ከእኛ በኋላ ምን እንደመጣበት አናውቅምና አንጥፎቱን እንድናራግፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን ያስተላለፉልን እኚሁ አቡ ሁረይራ ናቸው።

ድመት የሌላቸው ልጆች ደግሞ ጫጩት ገዝተው በካርቶን ከአልጋቸው ሥር ያስቀምጣሉ። ጫጩት ሲበርዳት ልጅ አዝኖ ብርድ ልብሱ ውስጥ ያስገባታል፤ በእንቅልፍ ሲገላበጥ ይጫናታል፤ ጠዋት ለቅሶ ይሆናል። ገና የተፈለፈለ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ስለሚፈልግ አምፖል ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል። አምፖሉን ግን ከጨርቅና ከካርቶን አርቃችሁ፣ አዋቂ ሰው በሚያየው ቦታ አድርጉት እንጂ ከልጅ አልጋ አጠገብ አታድርጉት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ ሲያዙ ምክንያቱን ነግረውናል፤ አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን ከነሰዎቹ ልታቃጥል ትችላለች። ጫጩት የነካ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ወፍ የሚያሳድግ ልጅ ያላችሁም አትቆጡት። የአነስ (ረ.ዐ) ትንሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞታ ልጁ ሲያዝን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ እየጠየቁ አጫውተውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ኢብኑል ቃስ የተባሉት ዐሊም ከዚህች አጭር ሐዲስ 60 ያህል ቁም ነገሮችን አውጥተው ጽፈዋል። የወፏን ጎጆ ከማዕድ ቤት ጭስና ከነፋስ አርቁት፤ ማታ በስስ ጨርቅ ሸፍኑት፤ አየር ግን ይግባበት። ውሻን በተመለከተ ሸሪዐው ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ስለሚፈቅድ መኝታው ከቤት ውጭ ነው። ውጭ ነው ማለት ግን ዝናብ ላይ ነው ማለት አይደለም፤ እሱም ጣራ ይሠራለት።

የእኔን ወግ ልጨርስ። ጓዙ ከተፈታ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን አማቴን ያን የመጀመሪያ ቀን ቃላቸውን አስታወስኳቸው። "'አይጥ ባይኖር እኔ አለሁ' ሲሉኝ ምን ማለትዎ ነበር?" አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። "አርባ ምናምን ዓመት ከአጠገቤ የሰው ትንፋሽ እየሰማሁ ተኛሁ። እሱ ሲሄድ ቤቱ ጸጥ አለብኝ። ሌሊት ስነቃ ከአልጋዬ ሥር የሚተነፍስ ነገር ሲኖር አላህን አመስግኜ መልሼ እተኛለሁ። ይኸው ነው" አሉኝ።

እኔ ያን በረንዳ ስቆልፍ የቆለፍኩት በድመት ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አሁንም ክረምት ሲመጣ፣ ዝናቡ በረንዳውን ሲመታ፣ ከሱብሒ በፊት ተነስቼ በሁለቱም በሮች አጠገብ እቆማለሁ። በአንደኛው በኩል የልጄን ትንፋሽ አዳምጣለሁ፤ ማፏጨት የለውም። በሌላው በኩል የአማቴ ሙስበሓ ቀስ እያለ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ድመቷም ነቅታ እግራቸው ሥር ትዞራለች።

አላህ (ሱ.ወ) አፍ የሌላቸውን ፍጡራን ሐቅ፣ አፍ እያላቸው ዝም የሚሉትንም ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። ታላላቆቻችንን የምናከብር፣ ለልጆቻችን ጤና ከራሳችን የምንጀምር ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።